ከተተከለ ኩላሊት የሚወጣው ሽንት በአጉሊ መነጽር ሲመረመር

ወንድም ለወንድሙ፥ እናትም ለልጇ አንዱን ኩላሊት ከፍለው በሰጡበት ቤት ውስጥ፥ ከሐኪም ቤት የምትመጣው ትንሽ የምርመራ ወረቀት እንደ ታላቅ መልእክት ትጠበቃለች። በወረቀቷ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን ጥቂት ነው። «ቀይ የደም ሕዋስ ከ5 እስከ 8፤ ነጭ የደም ሕዋስ ከ10 እስከ 15፤ ካስት የለም» ይላል እንጂ ከዚህ የሚበልጥ ትርጓሜ አይጨምርም። ይህችን ሁለት መስመር በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት አድርገው ያነቧታል። አንዱ «ኩላሊቱ ተበላሸ» ብሎ ያለቅሳል፤ ሁለተኛው «ይህ የፊኛ ብርድ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቶ ይመጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ምንም አይደል» ብሎ ወረቀቷን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር በሣጥን ውስጥ ያኖራታል። ሦስቱም በፍቅር ያደረጉት ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ፥ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሽንት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ምን እንደሚገኝበት፥ የተገኘውም ነገር ምን እንደሚያመለክትና ምን እንደማያመለክት ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን። የውጭ አገር ነገር በምንናገርበት ጊዜ ዓመቱ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኩላሊትን ከአንድ ሰው አውጥቶ በሌላው ሰውነት ውስጥ መትከል ለመጀመሪያ ጊዜ በሚገባ የተፈጸመው በ1954 በታኅሣሥ ወር በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፥ ፒተር ቤንት ብሪገም በተባለው ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ዮሴፍ መሬይ ሲሆን፥ ሰጪው ሮናልድ ሄሪክ፥ ተቀባዩም መንትያ ወንድሙ ሪቻርድ ሄሪክ ነበሩ። ሁለቱ ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለ ነበሩ፥ የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ኩላሊት እንደ ራሱ አካል ተቀበለው፤ ከዚያም በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። ዶክተር መሬይም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችን ደግሞ ይህ ሥራ የተጀመረው በ2008 ዓመተ ምሕረት በመስከረም ወር፥ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፥ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲሆን፥ ኩላሊቱም የሚወሰደው በሕይወት ካለ ዘመድ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ አቅም ያለው ሕመምተኛ ሰጪውን ይዞ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ግን በመኪና ደምን ከማሳጠብ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ከመንትያ ወንድም በቀር ከማንኛውም ሰው የመጣ ኩላሊት ለሰውነት ባዕድ ነው። ሰውነትም ባዕዱን እንዲታገሥ ተቀባዩ በየቀኑ ተቃውሞን የሚያለዝቡ መድኃኒቶች ይውጣል፤ ታክሮሊመስ፥ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት የታወቁት ናቸው። መድኃኒቱ ሲያንስ ሰውነቱ ኩላሊቱን ይቃወማል፤ ሲበዛ ደግሞ ተኝተው የነበሩ ተዋሲያን ይነሣሉ፥ መድኃኒቱም ራሱ ኩላሊቱን ይጐዳል። እንግዲህ ሐኪሙ የሚሄድበት መንገድ በሁለት ገደል መካከል ያለ ቀጭን መንገድ ነው። በግራ ይሁን በቀኝ እየተጠጋ መሆኑን ከሚያስታውቁት ምልክቶች ርካሹና ሕመም የሌለበቱ የሽንት ምርመራ ነው፤ ቢላዋም መርፌም አይፈልግም።

ሽንትን በአጉሊ መነጽር አይቶ ሕመምን መለየት አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1830ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ፒየር ራዬር የተባሉ ሐኪምና ተማሪያቸው ኡጄን ቪግላ በዚህ መንገድ የሕመምተኞችን ሽንት በየጊዜው ይመረምሩ ነበር። ከእነርሱም በኋላ በሃያኛው ምእት ዓመት በካሊፎርኒያ የሠሩት ስኮትላንዳዊው ቶማስ አዲስ፥ በአንድ ሌሊት በተጠራቀመ ሽንት ውስጥ ያሉትን ሕዋሳትና ካስቶች በመቍጠር የኩላሊትን ሕመም አካሄድ ይከታተሉ ነበር፤ ቈጠራውም በስማቸው «የአዲስ ቍጥር» ተብሏል። ስማቸው ከዋና ከተማችን ስም ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ የሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። እኒህ ሐኪም በአጉሊ መነጽሩ ፊት ራሳቸው ይቀመጡ ነበር። ዛሬ በብዙ ስፍራ ይህ ሥራ ለመኪና ተትቷል፤ መኪናው ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን ከዚህ በታች የምንገልጻቸውን ብርቅ የሆኑ ሕዋሳትና ካስቶች ብዙ ጊዜ ሳያያቸው ያልፋል። ኩላሊት በተተከለለት ሰው ነገር የሠለጠነ ዓይን ያለው ሰው እንዲያይ ብንመርጥ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ዓይን ምንም ቢሠለጥን፥ የቀረበለት ሽንት የተበላሸ እንደ ሆነ የሚያነበው ነገር አያገኝም። ይህም ክፍል የሐኪም ሳይሆን የቤት ሥራ ስለ ሆነ ጥቂት እንዘገይበታለን። የሚሻለው የጧት ሽንት ነው፤ ምክንያቱም ሌሊት የወፈረ ሽንት ሕዋሳቱንና ካስቶቹን ሳያፈርስ ይጠብቃቸዋል፤ ብዙ ውሃ ተጠጥቶበት የቀጠነ ሽንት ግን ቀይ ሕዋሳቱን አሳብጦ ያፈነዳቸዋል። ሕመምተኛው ገላውን በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፥ የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሶ፥ መካከለኛውን ከሐኪም ቤት በተሰጠው ንጹሕ ዕቃ ይቀበላል። ማር ወይም መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስ ቢታጠብም አይሆንም። ከዚያም በሁለት ሰዓት ውስጥ ለላቦራቶሪው ማድረስ ያስፈልጋል። በመስኮት አጠገብ ፀሐይ እየመታው ወይም በመኪና ውስጥ እስከ ቀትር የቈየ ሽንት ተዋሲያኑ ይባዙበታል፥ ካስቱም ይሟሟል፤ በዚህም የተነሣ የሌለ ሕመም ይታያል፥ ያለውም ይጠፋል። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ የሰጠችው ሽንት ደም ቢታይበት ከኩላሊት መጣ ማለት አይቻልም። በዋዜማው ረጅም መንገድ የሮጠ ወይም ከባድ ሥራ የሠራ ሰውም ጥቂት ቀይ ሕዋስ ሊታይበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ለሐኪሙ መንገር አሳፋሪ አይደለም።

ላቦራቶሪው ዐሥር ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት በቀጭን ብርጭቆ አድርጎ፥ በሚሽከረከር መኪና ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ያዞረዋል። ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ ያለው ፈሳሽ ይደፋና በቀረው ግማሽ ሚሊ ሊትር ውስጥ ዝቃጩ ተበጥብጦ፥ አንዲት ጠብታ በመስተዋት ላይ ሆና በመነጽሩ ሥር ትቀመጣለች። መነጽሩ አራት መቶ እጥፍ ሲያጐላ በአንድ እይታ የተቈጠሩት ሕዋሳት ቍጥር ነው በወረቀቱ ላይ «ከ5 እስከ 8» ተብሎ የሚጻፈው። ስለዚህ ይህ ቍጥር እንደ ገንዘብ ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ የሚያስተማምን አይደለም። ዛሬ 6 ሆኖ ነገ 9 ቢሆን ሕመሙ ጨመረ ማለት አይደለም፤ ከ6 ወደ 60 ቢሻገር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ትርጓሜው እንምጣ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር፥ አዲሱ ኩላሊት በቀድሞዎቹ ኩላሊቶች ስፍራ የማይቀመጥ መሆኑ ነው። የቀድሞዎቹ በቂ ምክንያት ካልተገኘ አይወጡም፤ በጀርባ በኩል እንዳሉ ይቀራሉ። አዲሱ ግን ከሆድ በታች በዳሌው አጥንት ጕድጓድ ውስጥ ይተከልና ቧንቧው ከፊኛ ጋር ይሰፋል። ስለዚህ ከፊኛ የሚወጣው ሽንት የሦስት ኩላሊቶች ሽንት ሊሆን ይችላል። የደከሙት አሮጌዎቹ ጥቂት ሽንት የሚያወጡ ከሆነ ፕሮቲንና ሕዋስ ሊጨምሩበት ይችላሉና፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሽንት ጋር የወጣውን ሁሉ በአዲሱ ላይ መላከክ ፍትሕ አይደለም።

ደግሞም በብዙ ስፍራ ቀዶ ሐኪሙ ስፌቱ እስኪድን ድረስ በቧንቧው ውስጥ ስቴንት የሚባል ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ያኖራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ያወጣዋል። ይህ ቱቦ የፊኛውን ግድግዳ እየነካካ ቀይና ነጭ ሕዋሳት እንዲታዩ ያደርጋል። ስቴንት ገና ያልወጣለት ሰው በወረቀቱ ላይ ደም ስለ ተጻፈ ብቻ ቤተ ሰቡ ሌሊቱን ሳይተኛ እንዲያድር አይገባም። ዳሩ ግን ሽንቱ በዓይን ሲታይ የቀላ፥ የረጋ ደምም የሚወጣበት፥ ወይም መውረዱን ያቆመ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ወረቀት መጠበቅ አያሻም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

በእነዚሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንድ ኩላሊት ተተክሎ ሳለ ሥራውን ሳይጀምር ይቈያል። ይህ ይልቁንም ከሞተ ሰው በተወሰደና በበረዶ ውስጥ ብዙ ሰዓት በቈየ ኩላሊት ላይ ይበዛል። ደም ተቋርጦበት የቈየው ኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎቹ ይጐዱና የውስጥ ሽፋናቸው ይላጣል። በመነጽሩም ሥር የተላጡት የቱቦ ሕዋሳትና ቡናማ ጭቃ የመሰሉ ካስቶች ይታያሉ። ካስት ማለት በኩላሊቱ ቱቦ ውስጥ የረጋ ፕሮቲን የቱቦውን ቅርጽ ይዞ የወጣ ነው፤ ሰም በቀለበት ቀዳዳ ውስጥ ፈስሶ ሲደርቅ የቀዳዳውን መልክ እንደሚይዝ ማለት ነው። ስለዚህ በካስት ውስጥ ተይዞ የተገኘ ሕዋስ ሁሉ ከፊኛ ሳይሆን በእርግጥ ከኩላሊት የመጣ ነው፤ የካስት ክብርም በዚህ ነው። ይህ የጭቃ መልክ ያለው ዝቃጭ የሚያስደነግጥ ቢመስልም፥ ብዙ ጊዜ ቱቦዎቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሽፋናቸውን መልሰው ያበቅላሉ። ኩላሊቱ ሥራ የጀመረ ሰው ደግሞ በደም ማጠቢያው ዘመን በሰውነቱ ውስጥ የተከማቸውን ኦክሳሌት ማስወጣት ስለሚጀምር፥ ፖስታ የሚመስሉ የኦክሳሌት ክሪስታሎች ሊታዩበት ይችላሉ።

ወራት ካለፉ፥ ስቴንቱም ከወጣ በኋላ የሚታይ ቀይ ሕዋስ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄውም «ከወዴት መጣ?» የሚል ነው። በ1979 በአውስትራሊያ በሜልቦርን የሠሩት ቢርችና ፌርሊ የተባሉት ሐኪሞች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነገር አሳወቁ። ከፊኛ ወይም ከቧንቧ የወጣ ቀይ ሕዋስ መልኩ ክብና አንድ ዓይነት ነው። ከኩላሊቱ ማጥለያ ያመለጠው ግን በጠባብ ስፍራ ተጨንቆ ስለሚያልፍ የተጣመመ፥ የተቈረሰ፥ አንዳንዱም እንደ እንክብል ሆኖ ጕብጕብ ያወጣ ነው። ጠላ በተቀደደ ማጥለያ ቢጠለል አተላው ከጠላው ጋር እንደሚያልፍ፥ እንዲሁ ማጥለያው የታመመ ኩላሊት ደምን ከሽንት ጋር ያሳልፋል። የተጣመሙት ሕዋሳት ከቀይ ሕዋስ ካስት ጋር አብረው ከታዩ የሐኪሙ አሳብ ወደ ሁለት ነገር ይሄዳል፤ አንደኛው አሮጌዎቹን ኩላሊቶች ያጠፋው ሕመም በአዲሱ ላይ ተመልሶ መጥቶ እንደ ሆነ ነው፤ አይጂኤ ኔፍሮፓቲ የሚባለው ሕመም እንዲህ በመመለስ የታወቀ ነው። ሁለተኛው አዲስ የማጥለያ ሕመም ነው። ስለዚህ የቀድሞ ኩላሊቶቹ በምን ሕመም እንደ ጠፉ የሚገልጸውን አሮጌ ወረቀት ቤተ ሰቡ እንደ ርስት ሰነድ ጠብቆ ቢያኖረው ይበጃል። ክብ ሕዋሳት ብቻ ሲገኙ ግን ጠጠር፥ የፊኛ ሕመም፥ እንዲያውም ዕጢ ይመረመራል፤ ተቃውሞን የሚያለዝቡ መድኃኒቶች ለዕጢ በር ይከፍታሉና።

ነጭ የደም ሕዋስ ሲበዛ ሰው ሁሉ የሚያስበው ተዋሲያን መኖራቸውን ነው፤ በእውነትም የሽንት መንገድ ሕመም ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚበዛ ነው። ትኵሳት፥ ብርድ ብርድ ማለት፥ በተተከለው ኩላሊት ላይ ሕመም፥ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ያለበት ሰው ሳይዘገይ መታከም አለበት። የሚያደናግረው ሌላ ነው። ሕመም ሳይሰማው በወረቀቱ ላይ ተዋሲያን የተጻፈለት ሰው ምን ያድርግ? የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ ኩላሊቱ ከተተከለ ከአንድ ወር በላይ የሆነውን ምንም የማይሰማውን ሰው ለተዋሲያን ብሎ መፈለግም ማከምም እንደማይገባ መክሯል። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሕክምና ለሕመምተኛው ጥቅሙ አልታየም፤ ተዋሲያኑ ግን መድኃኒቱን እየለመዱ ይጸናሉ። በገዛ ፈቃዱ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን የሚገዛ ዘመድ ይህን ልብ ይበል፤ አንዳንዱ ኪኒን ከታክሮሊመስ ጋር ሲገናኝ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን እጅግ ከፍ ያደርገዋል፤ ክላሪትሮማይሲን ከዚህ ወገን ነው። ሳንባ ነቀርሳን ለማከም የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ መጠኑን ያወርደዋል።

ሳንባ ነቀርሳን ካነሣን፥ በሽንቱ ነጭ ሕዋስ በዝቶ ሳለ በተለመደው የተዋሲያን ማብቀያ ምንም አልበቀለም የሚል መልስ ሲመላለስ፥ እንደ እኛ ባለ ሳንባ ነቀርሳ በሚገኝበት አገር የኩላሊት ነቀርሳ መኖሩን ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ሕመም በተለመደው ማብቀያ አይበቅልም፤ በተለየ ምርመራ ነው የሚገኘው። ነጭ ሕዋስ ያለ ተዋሲያን ከስቴንትም፥ ከመድኃኒት ቍጣም፥ ከሰውነት ተቃውሞም ሊመጣ ይችላል። በቆላ አገር በወንዝ ውሃ የታጠበ ሰው ደግሞ በሽንቱ የቢልሃርዝያ ዕንቍላል ሊታይበት ይችላል፤ በሽንት መንገድ የሚኖረው የቢልሃርዝያ ዓይነት ዕንቍላሉ በጫፉ እሾኽ አለው። በአገራችንም በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላዎች ይገኛል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሻውን ነገር እንናገራለን። በ1971 በሎንዶን ከተማ፥ ኩላሊት ከተተከለለት ከአንድ የሱዳን ሰው ሽንት ውስጥ እስከዚያ ቀን ያልታወቀ ቫይረስ መገኘቱ ተገለጸ። ሰውዬው የሽንት ቧንቧው ጠቦበት ነበር። ቫይረሱንም ያገኙት እነ ሲልቪያ ጋርድነር በሰውዬው ስም መጀመሪያ ፊደሎች «ቢ ኬ» ብለው ሰየሙት። የጎረቤታችን አገር ሰው እንዲህ ሆኖ፥ ማንነቱ ሳይነገር፥ በሁለት ፊደል ብቻ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ሁሉ ተጽፎ ቀረ። ይህ ቫይረስ በልጅነት ወደ አብዛኛው ሰው ይገባል፤ ከገባም በኋላ በኩላሊትና በሽንት መንገድ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ጤናማውን ሰው ምንም አያደርገውም። የሰውነት ጥበቃ በመድኃኒት ሲለዝብ ግን ይነቃል፤ ይልቁንም በመጀመሪያው ዓመት።

የነቃው ቫይረስ የያዛቸው ሕዋሳት ከሽፋኑ ተላጥተው ከሽንት ጋር ይወጣሉ። በመነጽሩ ሥር ሲታዩ እንብርታቸው ያለ ልክ አብጧል፤ ውስጡም ጭጋግ እንደ ያዘው መስተዋት የደበዘዘ ነው፤ ዳር ዳሩ ብቻ እንደ ቀለበት ጠቍሮ ይታያል። ከመቶ ዓመት እኩሌታ በፊት የሕዋስ መርማሪዎች እነዚህን ሲያዩ የፊኛ ነቀርሳ ሕዋሳት እየመሰሏቸው ይታለሉ ስለ ነበር «ዲኮይ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ቃሉ ወፍ ለማጥመድ እንደሚቀመጥ ሐሰተኛ ወፍ «አታላይ» ማለት ነው። ስሙ ጥሩ ተገኝቷል፤ እስከ ዛሬም ያታልላሉና።

ማታለላቸው በሁለት መንገድ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ሲያያቸው «የሽፋን ሕዋስ ጥቂት» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ያወቃቸው ሰው ደግሞ ከሚገባው በላይ ሊደነግጥባቸው ይችላል። የዲኮይ ሕዋስ በሽንት መታየቱ ቫይረሱ መንቃቱን ይናገራል እንጂ ኩላሊቱ መታመሙን አያረጋግጥም፤ ከታየባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ደኅና ነው። ደጋግሞ ሲፈለግ አለመታየቱ ግን የቫይረሱ ሕመም በኩላሊት ውስጥ አለመኖሩን ወደ ማመን ያዘነብላል። ስለዚህ በታየ ጊዜ የሚቀጥለው ደረጃ በደም ውስጥ የቫይረሱን ብዛት መለካት ነው። በደምም ከበዛ ኩላሊቱ እየተጐዳ መሆኑ ይጠረጠራል፤ እርግጡ የሚታወቀው ግን ከኩላሊቱ በቀጭን መርፌ ትንሽ ሥጋ ቈንጥሮ በመመርመር፥ ባዮፕሲ በሚባለው ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን አስፈለገ? የሰውነት ተቃውሞና የቢ ኬ ቫይረስ ሕመም በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በሁለቱም ክሬአቲኒን የሚባለው፥ ኩላሊት ሊያስወጣው የሚገባ ቅሬታ፥ በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ በሁለቱም ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው ሊቈይ ይችላል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለተቃውሞ መድኃኒቱ ይጨመራል፤ ለቫይረሱ መድኃኒቱ ይቀነሳል፥ ቫይረሱን ራሱን በእርግጥ የሚገድል የታመነ መድኃኒት የለምና። ቫይረሱን ተቃውሞ ነው ብሎ መድኃኒት የጨመረ ሐኪም በእሳት ላይ ዘይት አፈሰሰ ማለት ነው። ተቃውሞውን ቫይረስ ነው ብሎ የቀነሰም ኩላሊቱን ለሰውነቱ ጭፍራ አሳልፎ ሰጠ። ወንድም የሰጠው ኩላሊት ሁለተኛ አይገኝምና፥ በአንዲት የዝቃጭ ጠብታ ውስጥ የታዩ ጥቂት የደበዘዙ ሕዋሳት ሐኪሙን ቆም አድርገው እንዲያስብ ካደረጉት ዋጋቸው ታላቅ ነው።

የመነጽሩን ወሰን ደግሞ መናገር ግድ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን ሲቃወም የቱቦ ሕዋሳትና ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ ሕዋሳት በሽንት ሊበዙ ይችላሉ፤ በቀድሞ ዘመንም ሐኪሞች በእነዚህ ቍጥር ተቃውሞውን አስቀድመው ለማወቅ ብዙ ደክመዋል። ነገር ግን ተቃውሞ በርትቶ ሳለ ዝቃጩ ንጹሕ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ታክሮሊመስ በዝቶ ኩላሊቱን ሲጐዳም መነጽሩ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ተቃውሞን የሚፈርደው ባዮፕሲ ነው፤ የሚፈረድበትም ሥርዐት በ1991 በካናዳ በባንፍ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ተጀምሮ በየጊዜው ሲታረም የቈየው የባንፍ ሥርዐት ነው። «ሽንቱ ንጹሕ ነው ተብሏል» ብሎ ክሬአቲኒኑ ከፍ ያለውን ሰው በቤት ማስቀመጥ፥ ወይም የመድኃኒቱን ጊዜ ማሳለፍ፥ ወረቀቱ ያልተናገረውን ቃል በአፉ መጨመር ነው።

ከመድኃኒት የሚመጡ ክሪስታሎችም አሉ። ተዋሲያንን ለመከላከል ለብዙዎቹ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል፥ ለሄርፐስ የሚሰጠውም አሲክሎቪር ውሃ በጥቂቱ በሚጠጣ ሰው ሽንት ውስጥ እንደ መርፌ ወይም እንደ ነዶ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ውሃ መጨመርና ለሐኪሙ መንገር ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ጠቀስናት ወረቀት ብንመለስ፥ ቀይ ከ5 እስከ 8፥ ነጭ ከ10 እስከ 15፥ ካስት የለም የምትለዋ፥ ለማን እንደ ተጻፈች ሳይታወቅ ልትነበብ አትችልም። ኩላሊቱ ከተተከለ ሦስት ሳምንት ለሆነው፥ ስቴንቱ ላልወጣለት፥ ክሬአቲኒኑም በየቀኑ እየወረደ ላለ ሰው ከሆነ የሚጠበቅ ነገር ናት። ይህችው ወረቀት ስድስት ወር ለሆነው፥ ክሬአቲኒኑ ከ1.2 ወደ 1.8 ለወጣ፥ ምንም ለማይሰማው ሰው ከሆነች ግን የተዋሲያን ማብቀያ፥ የቢ ኬ ቫይረስ የደም ምርመራ፥ የታክሮሊመስ ልክ፥ ምናልባትም ባዮፕሲ የምትጠራ ናት። አምስት ዓመት ለሆናት፥ ትኵሳት ለያዛትና ኩላሊቷ ላይ ስትነካ ለሚያማት ሴት ከሆነች ደግሞ የዚያን ቀን ሕክምና መጀመር አለበት። ቃሉ አንድ ሲሆን ሦስት ፍርድ ወጣው።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ይህን ልዩነት ሊያውቅ የሚችለው ሲነገረው ነው። በብዙ ስፍራ የሽንት መጠየቂያ ወረቀት ላይ ስምና ዕድሜ ብቻ ተጽፎ ይሄዳል፤ ባለሙያውም በዚያ ቀን ከሚያያቸው ብዙ ጠብታዎች እንደ አንዱ ቈጥሮ ያልፈዋል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ሐኪሙን አንድ ነገር ሊለምን ይገባል፤ ይኸውም በመጠየቂያው ላይ «ኩላሊት የተተከለለት» የሚል ቃል፥ የተተከለበት ቀን፥ ስቴንት መኖሩና አለመኖሩ፥ ሽንቱም የተወሰደበት ሰዓት እንዲጻፍ፤ የዲኮይ ሕዋስ መኖሩም እንዲታይ በግልጽ እንዲጠየቅ ነው። ይህ ሲጻፍ ባለሙያው መነጽሩን አዘግይቶ ያያል፤ የተጠራጠረውንም ሕዋስ ቀለም አስነክሮ በሁለተኛ ሰው ዓይን ያስመረምረዋል።